ቀለም ያልነካው ላሜራ ለማስመሰል፦ ላከር፣ አክሪሊክ፣ ስፕሬይ ወይስ ፎይል?

ከእውነተኛው 48 ጊዜ አንሶ (በ1/48 መጠን) የሠራሁት የመጀመሪያው የፒ-51 ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል የሦስት ሳምንት ምሽቴን በልቶታል። ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ፓነል በፓነል (በእያንዳንዱ የላሜራ ክፍል ልክ) እየቆረጥኩ አሉሚኒየም ፎይል አለበስኩት። ሲያልቅ ፊት ያሳይ ነበር። የእውነተኛውን አውሮፕላን አሠራር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው የሙስታንግን ክንፍ የፊት ክፍል፣ የላሜራውን መጋጠሚያና ሪቬቱን (ላሜራውን የሚያያይዘውን ሚስማር) በስቱኮ ደፍኖ ያለሰልስና በላዩ ላይ ላከር የሚባል ቶሎ የሚደርቅ ብርማ ቀለም ይቀባው ነበር፤ አየሩ ክንፉ ላይ ሳይረበሽ እንዲንሸራተት። እኔ ሦስት ሳምንት ያለበስኩት ክንፍ፣ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ በአብዛኛው በቀለም የተሸፈነ ነበር ማለት ነው። ፎይሉን መላጡ ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነ።

ስለዚህ አሁን "የቱ ቀለም የበለጠ ያብለጨልጫል?" የሚለኝን ሰው እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ የምትሠራው የቱን አውሮፕላን ነው? አገልግሎት ላይ ስንት ጊዜ የቆየውን? ይህ ሳይመለስ ጠርሙስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ እውነተኛው አውሮፕላን

የአውሮፕላን ላሜራ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ ብቻውን በቀላሉ ስለሚበላ በሁለቱም ፊቱ ስስ የንጹህ አሉሚኒየም ልባስ ይደረግለታል። ይህ ልባስ ያለው ላሜራ አልክላድ ይባላል፤ ሞዴል ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው የቀለም ስምም ይኸው ነው። ላሜራው አዲስ ሲሆን ያበራል፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ግራጫ እየሆነ ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ ሲዳመጥም እንደ እንጨት የራሱን መስመር ይይዛል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ፓነሎች ከአንድ ላሜራ ተቆርጠው እንኳ መስመራቸው በተለያየ አቅጣጫ ከዞረ አንዱ ብሩህ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ሆነው ይታያሉ። ከጎን ሲዞሩት ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሞዴል ላይ ለማምጣት የምንደክመው በዋናነት ይህንን ልዩነት ነው፤ ብልጭታው ሁለተኛ ነው።

አውሮፕላኖቹን በአራት ብከፍላቸው ምርጫው ይቀላል። አንደኛው እውነት የተወለወለው ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እስከ 2013 ድረስ አውሮፕላኖቹን ሳይቀባ እየወለወለ ያበር ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ብርማ ቀለም የተሻገረበት አንዱ ምክንያት እንደ ቦይንግ 787 ያሉት አዳዲስ አውሮፕላኖች አካላቸው ከካርቦን ስለሚሠራና የሚወለወል ብረት ስለሌላቸው ነው። ሁለተኛው የሥራ አውሮፕላን ነው፦ ከ1944 መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የማስመሰያ ቀለም መቀባቱን ሲተው ከፋብሪካ እርቃናቸውን የወጡት ቢ-17፣ ፒ-47 እና ፒ-51፣ ከጦርነቱ በኋላም ኤፍ-86 ሴበር። እነዚህ ዘይት፣ ጭስና የመካኒክ እጅ የጠገቡ ናቸው። ሦስተኛው ብረት የሚመስለው ግን የተቀባው ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል "ሃይ ስፒድ ሲልቨር" የሚለው ቀለም ነበረው፤ የአሜሪካዎቹ ኤፍ-105ዎችም በ1962 ብርማ ላከር ተቀብተዋል። ብዙ ሚግ-15ዎች ደግሞ መካከል ላይ ናቸው፤ ብረታቸው ይታያል፣ በላዩ ግን ግልጽ ላከር አለ። አራተኛው ሙቀት የጠበሰው ነው። የኤፍ-100 ሱፐር ሴበር ጅራት አካባቢ ከሙቀቱ የተነሳ ገለባማ፣ ቡናማና ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ማስጌጫ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዛሬ በአየር ትርኢት የምናየው ሙስታንግ ባለቤቱ ሲወለውለው የኖረ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንዲህ የሚያበራ ሙስታንግ ብርቅ ነበር። ፎቶ ስትመርጡ የዘመኑን ምረጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀረው ሥራ

ብርማ ቀለም ገመና አይሸፍንም። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለም የሚውጠውን ጭረት ብርማው አጉልቶ ያወጣዋል። የክንፉን መጋጠሚያ በ800 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ በጣት ስትዳብሱት ሐር ይመስላል። ቀለሙ ሲያርፍበት ግን በመስኮት ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት፤ እንደ ጥፍር ጭረት ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ተሰልፈው ይቆማሉ። ከ800 ወደ 1500፣ ከዚያ ወደ 2000 እና 4000፣ ለተወለወለ ዓይነት ደግሞ እስከ 8000 እና 12000 መሄድ ያስፈልጋል፤ በውሃ እያራሱ።

ለመጋጠሚያ ስቱኮን አልመክርም። ከፕላስቲኩ ጋር ጥንካሬው ስለማይመሳሰልና ቀለም ስለሚመጥ ከወራት በኋላ ጥላው ከብሩ ሥር ብቅ ይላል። ሱፐር ግሉ ይሻላል፤ ነገር ግን በዋለ ባደረ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ በደረቀ በሰዓት ውስጥ አለስልሱት። ከዚያ ሞዴሉን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቡት፤ ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አትንኩት። የጣት አሻራ ከብር ሥር ከገባ የሚወጣው ሁሉም ታጥቦ እንደገና ሲጀመር ብቻ ነው።

ስለ ብናኙ መጠንም ጥቂት። ማንኛውም ብርማ ቀለም ውስጥ ጥቃቅን የብረት ቅርፊቶች አሉ። ቅርፊቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1/72 ሞዴል ላይ እንደ 3.6 ሚሊ ሜትር ቅንጣት ይታያል፤ የሠርግ ካርድ ብልጭልጭ ማለት ነው። ለዕደ ጥበብ የሚሸጡ ርካሽ ብርማ ቀለሞች ሞዴልን መጫወቻ የሚያስመስሉት በዚህ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ሁሉ ብናኛቸው ደቃቅ ነው።

ላከር፦ አልክላድና ዘመዶቹ

ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ)፣ ኮምፕሬሰርና አየር የሚወጣበት ክፍል ካላችሁ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። አልክላድ 2 ሳይቀጠን በቀጥታ ይረጫል፤ በሴኮንዶች ይደርቃል፤ በርካታ የብረት ዓይነቶችም አሉት፦ አሉሚኒየም፣ ዱራሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረት፣ የጄት ጭስ ማውጫ። የሚስተር ከለር ሱፐር ሜታሊክም የዚሁ ወገን ነው፤ እሱ ግን ይቀጠናል።

ምስጢሩ ከሥሩ ያለው ጥቁር ነው። ለተወለወለ አሉሚኒየምና ለክሮም የሚያብረቀርቅ ጥቁር መሠረት የግድ ነው፤ ብሩ ያን ያህል ስስ ስለሆነ የሚያበራው መሠረቱ ነው። ጥቁሩ እንደ ፒያኖ ካላበራ ክሮሙም አያበራም። ጥቁሩን በኢናሜል (ቀስ ብሎ በሚደርቅ የዘይት ቀለም) ከቀባችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያልደረቀ ኢናሜል ላይ ላከር ሲያርፍ ጥቁሩ ይሰነጣጠቃል፤ ያኔ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ መመለስ ነው። ተራውን አሉሚኒየምና ዱራሉሚኒየም ግን በግራጫ ፕራይመር (ከሁሉ በፊት በሚቀባ የመሠረት ቀለም) ላይም መርጨት ይቻላል፤ ለሥራ አውሮፕላን እንዲያውም የሚሻለው ይሄ ነው።

አረጫጨቱ፦ ግፊት ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1 ባር ገደማ። ርቀት ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ ሲረጭ ጥቁሩ ላይ የሲጋራ ጭስ ያረፈበት ይመስላል፤ "ምንም አልሸፈነም" ብላችሁ ልትጨምሩ ትፈልጋላችሁ። አትጨምሩ። አንድ ጊዜ አሳልፉ፣ ጠብቁ፣ እንደገና። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ጥቁሩ በድንገት ወደ ብረት ይገለበጣል፤ እጃችሁ መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ጥልቀቱ ይጠፋና ተራ ግራጫ ብር ይሆናል። ክሮምን ያበላሸ ሰው ሁሉ ያበላሸው አብዝቶ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ሽታው ከባድ ነው፤ የማሟሟቂያ ጋዝ የሚያስቀር ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል፣ የአቧራ ጭምብል አይበቃም፣ አጠገቡ እሳትም አይኑር። ሁለተኛ፣ በጣም የሚያበሩት ዓይነቶች ቀጭን ቆዳ ናቸው፤ እጅ ሲበዛባቸው ይደበዝዛሉ። የሚገርመው ተራው አሉሚኒየም ፕላስተር (ቀለም እንዳይነካ የሚፈለገውን ቦታ የሚሸፍን የወረቀት ተለጣፊ) ተለጥፎበት ሲነሳ ንቅንቅ አይልም።

አክሪሊክ፦ ቫሌሆ ሜታል ከለር

ሽታ የማይፈቀድበት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ነው መልሱ። ውሃ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ32 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይመጣል፤ ሳይቀጠን በኤርብራሽ ይረጫል። ዓይነቶቹ ከአልክላድ ጋር ይቀራረባሉ፤ ነጭ አሉሚኒየም፣ ጠቆር ያለ አሉሚኒየም፣ የተጠበሰ ብረት እያለ ይሄዳል። ጥቁር አንጸባራቂ መሠረት ላይ ሲያርፍ ከላከሩ ጋር አስቀምጠው የማይለዩት ሰዎች አሉ። እኔ እለያለሁ፤ ግን ከቅርብ ሆኜ በፀሐይ ብርሃን ሳየው ብቻ።

ችግሩ የሚመጣው ፕላስተር ላይ ነው። ውሃ ላይ የተመሠረተ ፕራይመር ፕላስቲኩን እንደ ላከር አይነክሰውም፤ ከላይ እንደ ቆዳ ተቀምጦ ነው የሚቀረው። ያልጸዳ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ያልደረቀ ከሆነ ፕላስተሩ ሲነሳ ብሩንም ጥቁሩንም ይዞ ይመጣል። መፍትሔው መሠረቱን ብቻ በላከር መቀባት ነው፤ ከቤት ውጭ አንድ ጊዜ በስፕሬይ ጥቁር ረጭቶ፣ ብሩን ቤት ውስጥ። ሌላው፣ ብናኙ የኤርብራሹ መርፌ ጫፍ ላይ እየደረቀ ይዘጋዋል። በየጥቂት ደቂቃው ጫፉን በረጠበ ጥጥ መጥረግ እንጂ ግፊት መጨመር አያዋጣም።

ኤርብራሽ ለሌለው ትናንሽ ክፍሎችን በብሩሽ መቀባትም ይችላል፤ የጎማ እግር፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ። ሙሉ ክንፍ ግን በብሩሽ አይሞከርም።

ስፕሬይ ጣሳና የሚወለወሉ ቀለሞች

ታሚያ ኤኤስ-12 የሚባል ብርማ ስፕሬይ አለው። ያለ ኤርብራሽ ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጥቁር መሠረት አይፈልግም፣ ጠንካራ ነው፣ ፕላስተር አያነሳውም። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ጠብታውን ያደቅቀዋል፤ ለብ ያለ እንጂ የፈላ አይደለም፣ እሳት ላይማ ጨርሶ። አንድ ዓይነት ብር ብቻ መሆኑ ጉድለቱ ነው። በቀለም ለተሸፈነው የሙስታንግ ክንፍ ግን ይኸው ጉድለት ልክ የሚፈለገው ነው።

የሚወለወሉት፣ ለምሳሌ ሃምብሮል ሜታልኮት ወይም ሚስተር ሜታል ከለር፣ ሲደርቁ ደብዘዝ ያሉ ናቸው፤ በለስላሳ ጨርቅ ወይም ጥጥ ስታሹአቸው ይበራሉ። እንደ አስተሻሸቱ አንዱን ፓነል ማብራት፣ ሌላውን መተው ይቻላል፣ ይህ ደስ ይላል። እጅ ላይ መውጣታቸው ግን ያበሳጫል። ለጭስ ማውጫና ለትንሽ የሞተር ሽፋን እጠቀምባቸዋለሁ፤ ሙሉ አውሮፕላን ላይ አልደፍርም።

ፎይል

ከሁሉም እውነተኛው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ብረት ነው። የወጥ ቤት ፎይል ውፍረት ብዙውን ጊዜ 0.016 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ48 ስታባዙት 0.77 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የእውነተኛ ተዋጊ አውሮፕላን ላሜራ ውፍረትም ከዚህ አይርቅም። በ1/48 ሞዴል ላይ ፎይል ስትለጥፉ እውነተኛውን ላሜራ በልኩ እየገጠማችሁ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት መንገድ አለ። ቤር-ሜታል ፎይል ሙጫው ከጀርባው ተቀብቶ ይመጣል፤ በጣም ስስና ለስላሳ ስለሆነ ጎባጣ ላይ ይታዘዛል፣ ግን በቀላሉ ይቀደዳል። የወጥ ቤቱን ፎይል ደግሞ ማይክሮስኬል በሚሸጠው የፎይል ሙጫ ጀርባውን ቀብቶ መለጠፍ ይቻላል። አንዱ ፊቱ የሚያበራ፣ ሌላው ደብዛዛ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ቃና በእጃችሁ ነው። ውሃ ደጋግሞ የፈላበት የአሉሚኒየም ድስት ከውስጥ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ፎይሉንም ቀቅሎ ማደብዘዝ ይቻላል።

አሠራሩን በአንድ ፓነል ላሳይ። ከፓነሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ከመሃል ወደ ዳር በጥጥ ጫፍ እሹት፤ ከዳር ከጀመራችሁ አየሩ መሃል ይታሰርና ይነፋል። የፓነሉ መስመር ከሥር እንደ ጥላ ብቅ ሲል፣ ገና ባልተሠራበት ምላጭ በመስመሩ ውስጥ ቁረጡ። የደነዘዘ ምላጭ ፎይሉን አይቆርጠውም፤ ይጎትተውና ይሸበሽበዋል። ትርፉን ላጡ። ከዚያ በደቃቅ የብረት ሱፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብላችሁ አሹት፤ የላሜራው መስመር ይወጣል። የጎረቤቱን ፓነል በሌላ አቅጣጫ። ያ ከጎን ሲያዩት የሚለዋወጠው ብሩህና ጥቁር እዚህ ላይ በራሱ ይመጣል፣ ያለ ምንም ቀለም።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ፎይል አልጠቀምም? አንደኛው ምክንያት የሚወስደው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጎባጣው፦ የሞተር ሽፋን ጫፍ፣ የክንፍ ጫፍ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ አፍንጫ። እዚያ ላይ ፎይሉ ይሸበሸባል፤ በጠባብ ቁራጭ መክፈል ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ የሌለ መጋጠሚያ ይፈጠራል። "ጎባጣውን በቀለም፣ ቀሪውን በፎይል" የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፤ አይን ወዲያውኑ ይይዘዋል፣ አውሮፕላኑ ከሁለት አውሮፕላን የተገጣጠመ ይመስላል። የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፦ አካሉ ሁሉ በላከር፣ ሦስት አራት ፓነል ብቻ በፎይል። እነዚህ እንደተቀየሩ አዲስ ላሜራዎች ይታያሉ፤ እውነተኛው አውሮፕላን ላይም ይህ ያለ ነገር ነው።

ፕላስተር፣ ዲካልና ቫርኒሽ

አንዳንድ ፓነሎችን ለይቶ በሌላ ቃና ለመርጨት ፕላስተር ያስፈልጋል። ቢጫውን የሞዴል ወረቀት ፕላስተር መጀመሪያ እጃችሁ ጀርባ ላይ ሁለት ሦስቴ ለጥፋችሁ አንሱት፤ ኃይሉ ይቀንሳል። ስታነሱት ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ አጥፋችሁ ወደ ኋላ ጎትቱ። የቃናው ልዩነት ትንሽ ይሁን፤ አሉሚኒየምና ዱራሉሚኒየም ይበቃሉ። የቼዝ ሰሌዳ የሚመስል ሴበር ያየሁት ሞዴል ላይ ብቻ ነው።

ቫርኒሽ ላይ ብዙዎች አይስማሙኝም። እኔ የተወለወለ ብረት ላይ አልቀባም፤ የትኛውም ቫርኒሽ በትንሹም ቢሆን ብረቱን ወደ ቀለምነት ይመልሰዋል። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ዲካሉ (ቁጥርና ምልክት የታተመበት፣ በውሃ የሚለጠፍ ስስ ተለጣፊ) በቀጥታ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያለውን ግልጽ ጠርዝ አስቀድሞ ቆርጦ ማውጣት ብቻ ነው። ደብዘዝ ላለ የሥራ አውሮፕላን፣ እንዲሁም ብዙ ለሚነካካ ሞዴል፣ ቫሌሆ ለብረት ቀለሞቹ ብሎ ያወጣው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ግልጽ ላከር ለለበሱት ሚግ-15ዎች ደግሞ ቫርኒሹ ራሱ እውነቱ ነው። በፓነል መስመሮች የምታፈሱት ጥላ ቀለም ጥቁር አይሁን፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ይበቃል።

ታዲያ የቱን?

ለጀማሪ ያለ ኤርብራሽ፦ ኤኤስ-12፣ ሞዴሉም ብርማ ቀለም የተቀባ አውሮፕላን ይሁን። ኤፍ-105 ጥሩ ነው። አፓርትመንት ውስጥ ከሕፃናት ጋር ለሚኖር፦ ቫሌሆ፣ መሠረቱ ላይ ትዕግሥት ጨምሮ። ሴበር ወይም ቢ-17 ለሚሠራ፦ ላከር አሉሚኒየም በግራጫ ላይ፣ ጥቂት ፓነል ዱራሉሚኒየም። ለኤፍ-100 ያለ ላከር አይሆንም፤ የተጠበሰው ጅራት ላይ ግልጽ ሰማያዊና ቡናማ ቀለም በብሩ ላይ እንደ ጭስ እየተረጨ ነው የሚመጣው። ፎይልን የምመርጠው ለተወለወለ የመንገደኞች አውሮፕላን ወይም ሰፊና ጠፍጣፋ ክንፍ ላለው ነው፤ ምሽቱን ለሚወድ ሰው።

ሙስታንግ ከሆነ ደግሞ ክንፉን በኤኤስ-12፣ አካሉን በላከር። ሪቬትና መጋጠሚያውንም ከክንፉ የፊት ክፍል ላይ ድፈኑት፤ ብዙ ኪቶች (የሞዴል መገጣጠሚያ ሳጥኖች) እዚያ ላይ የሌለ መስመር ቆፍረው ይመጣሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት አራት የፕላስቲክ ማንኪያ ውሰዱ። ጀርባቸው እንደ ሞተር ሽፋን ስለሚጎብጥ ከጠፍጣፋ ፕላስቲክ የበለጠ ይነግሯችኋል። እያንዳንዱን በአንድ ዓይነት ቀለም ቀብታችሁ፣ እጀታው ላይ የመሠረቱንና የቀለሙን ስም ጽፋችሁ አንድ ቀን አሳድሩ። በማግስቱ ግማሹ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱ፣ ግማሹ ላይ ከትርፍ ዲካል አንድ ቁጥር አስቀምጡ፣ ከዚያ ከዘመኑ ፎቶ አጠገብ መስኮት ላይ ደርድሯቸው። የእኔ ማንኪያዎች አሁንም መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ አንዱ ላይ ብሩ በፕላስተር ቅርጽ ተልጦ ጥቁሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እጀታው ላይ "ስድስት ሰዓት ብቻ ደረቀ" ብዬ ጽፌበታለሁ።